«ያወጣነውን ውሃ መልሰናል» ሲሉ የት ነው የመለሱት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ስለ መጠጥ ኩባንያዎችና ስለ ውሃ ምን መጠየቅ ትፈልጋላችሁ?» ብለናችሁ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የተናደደ አለ፣ የሚያሾፍ አለ፣ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ «ስማችንን አታጥፉ» ያለም አለ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን የምንችለውን እንመልሳለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ የለስላሳ ኩባንያ «የተጠቀምነውን ጠብታ ሁሉ ለተፈጥሮ መልሰናል» ሲል ሰማሁ። እኔ የጠጣሁት እኮ ሆዴ ውስጥ ነው ያለው! እንዴት አድርገው ነው የመለሱት? ይቀልዳሉ እንዴ?

መልስ፦ አይቀልዱም። ስሌት አላቸው። ግን ስሌቱን ገለጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

የሰማኸው የኮካ ኮላን ነው ብዬ ልገምት። በ2007 የወቅቱ ሥራ አስፈጻሚ ኔቪል ኢስዴል ቤጂንግ ላይ ደብሊው ደብሊው ኤፍ በተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ስብሰባ ቆመው ኩባንያው የሚጠቀመውን ውሃ ጠብታ በጠብታ እንደሚተካ ቃል ገቡ። የጊዜ ገደቡ 2020 ነበር። በ2016 ደግሞ ኩባንያው «ከቀጠሮው አምስት ዓመት ቀድመን ደርሰናል፣ እንዲያውም ከ100 በመቶ አልፈናል» ብሎ አወጀ። ጋዜጣ ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ሁሉ ወጣለት።

እንዴት ደረሱ? በተለያዩ አገራት ደን ያስተክላሉ፣ ረግረግ መሬት እንዲያገግም ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለመንደር የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፣ እርሻ ላይ ጠብታ መስኖ ያስገባሉ። ከዚያ ባለሙያ ይቀመጥና «ይህ ደን በመተከሉ በዓመት ይህን ያህል ሊትር ውሃ መሬት ውስጥ ሰርጓል» ብሎ ያሰላል። የሁሉም ፕሮጀክት ሊትር ይደመራል። ድምሩ በዓመት ከተሸጠው መጠጥ ሊትር እኩል ሲሆን ወይም ሲበልጥ «መልሰናል» ይባላል። ስሌቱን ብቻቸውን አልሠሩትም፤ ኔቸር ኮንሰርቫንሲን የመሰለ ትልቅ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት አብሯቸው ሠርቷል። ስለዚህ ከኪሳቸው ያወጡት ቁጥር ነው ማለት አይቻልም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሁለት ነገር።

አንደኛው፣ ምን ተቆጠረ? የተቆጠረው ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ውሃ ነው። ስኳሩን ያበቀለው ውሃ ሒሳቡ ውስጥ የለም። ፋብሪካው ውስጥ ለእጥበት የዋለው ደግሞ «አጣርተን ለቀነዋል» ተብሎ ለብቻው ተይዟል። ተቺዎቹ በጣም የያዙት ይህንን ነው፣ የስኳሩን። ለምን እንደሆነ ከታች በሌላ ጥያቄ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ይብሳል፤ የት ተመለሰ? ውሃ እንደ ካርቦን ጋዝ አይደለም። ጋዙ የትም ይውጣ፣ የሚቀላቀለው አንድ ሰማይ ላይ ነው። እዚህ የለቀቅኸውን እዚያ ብትቀንስ ቢያንስ በሒሳብ ደረጃ ይስማማል። ውሃ ግን የተፋሰስ ነገር ነው። በአንድ ደረቅ ወረዳ ከርሰ ምድር የተሳበ ውሃ ሌላ አህጉር ላይ በተተከለ ደን አይተካም። ከአንዱ ጎረቤት በርሜል ቀድተህ የሌላውን ጎረቤት በርሜል ብትሞላ የመጀመሪያው ሰው ምን ይልሃል? የዓለም ድምር 100 በመቶ ሞልቶ እያለ አንዷ መንደር ጉድጓዷ ሊደርቅባት ይችላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው። ለዚህ ነው ኩባንያውና ተቺው ሲከራከሩ የማይገናኙት፤ አንዱ ስለ ዓለም ድምር ያወራል፣ ሌላው ስለ አንድ ጉድጓድ።

ኩባንያዎቹ ራሳቸው ይህንን ተረድተውታል ብዬ አምናለሁ። አሁን አሁን የሚያወጧቸው ግቦች «ውሃ የሚያሰጋባቸው ቦታዎች» የሚል ሐረግ ይዘው ነው የሚመጡት። ደህና ለውጥ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን የእያንዳንዱ ቦታ ቁጥር ለየብቻ ካልወጣ ዞሮ ዞሮ ያው ድምር ነው።

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ልንጣላ ነው። እሱ «አንድ ሊትር ለስላሳ ለመሥራት ሁለት ሊትር ውሃ ይበቃል» ይላል። እኔ ደግሞ ግማሽ ሊትር ለስላሳ ከ150 ሊትር በላይ ውሃ ይፈጃል የሚል አንብቤያለሁ። ማነው የሚዋሸው?

መልስ፦ ማንም። ታርቃችሁ ቁጭ በሉ። ወንድምሽ የሚያወራው ስለ ፋብሪካው ግቢ ነው። አንቺ የምታወሪው ከእርሻው ጀምሮ ነው።

መጀመሪያ የወንድምሽን እንይ። ፋብሪካው በር ላይ ቆጣሪ አለ። በዓመት የገባው ውሃ ለተመረተው መጠጥ ይካፈላል። ኮካ ኮላ በ2004 ለአንድ ሊትር መጠጥ 2.7 ሊትር ገደማ ይጠቀም ነበር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ 2 ሊትር ወርዷል። አንዱ ሊትር ጠርሙሱ ውስጥ ገባ እንበል። ቀሪው የት ሄደ? ጠርሙስ ይታጠባል። ውሃው ራሱ በጣም በቀጭን ማጣሪያ በግፊት ሲያልፍ ጨው የበዛበት የተወሰነው ክፍል ወደ ኋላ ይቀርና ይደፋል። ትልልቆቹ የሽሮፕ ጋኖችና ቱቦዎች ጣዕም በተቀየረ ቁጥር ከውስጥ ይታጠባሉ፤ በውሃ፣ ከዚያ በኮስቲክ ሶዳ፣ ከዚያ እንደገና በውሃ። ብርቱካን ሲመረት ውሎ ማታ ላይ ኮላ ይመረት ከተባለ መሐል ላይ ይህ ሁሉ እጥበት አለ። የምርቱን ተራ አስተካክሎ እጥበቱን የሚቀንስ ጎበዝ የምርት ኃላፊ፣ ውድ ማሽን ከመግዛት ያላነሰ ውሃ ሊያድን ይችላል። ማቀዝቀዣው ማማ ላይ የሚተነው አለ፣ ቦይለሩ አለ፣ ወለሉ አለ። ቢራ ላይ ሒሳቡ ከፍ ይላል፤ በደንብ የተያዘ ትልቅ ፋብሪካ ለአንድ ሊትር ቢራ 3 ሊትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይደርሳል፣ ያረጀው ደግሞ ከዚህ በእጥፍ ሊሄድ ይችላል።

አሁን የአንቺን። አርየን ሁክስትራ የሚባሉ የኔዘርላንድ ሳይንቲስት በ2002 «የውሃ አሻራ» የሚል አቆጣጠር አመጡ። አንድ ዕቃ ከእርሻ እስከ መደርደሪያ የፈጀውን ውሃ በሙሉ የሚደምር ነው። በ2011 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የግማሽ ሊትር ለስላሳን አሻራ አሰሉ። ውጤቱ ከ169 እስከ 309 ሊትር ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው ስኳሩ ነው፦ ምን ዓይነት ስኳር፣ ከየት አገር የመጣ። ትንሹ ቁጥር ከኔዘርላንድ ሹገር ቢት (ስኳር የሚወጣበት ሥር) ነው፣ ትልቁ ከኩባ ሸንኮራ አገዳ። ከጠቅላላው ከ99 በመቶ በላዩ ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያለቀ ውሃ ነው። ፋብሪካው ውስጥ የሚታገሉበት ሁለት ሊትር ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ምንም አይደለም።

ግን አንቺም ቁጥሯን ስትጠቅሺ ተጠንቀቂ። ከዚያ ውስጥ ብዙው እርሻው ላይ የዘነበ ዝናብ ነው። ሸንኮራው ባይኖር ሌላ ሣር ይጠጣው ነበር። ሌላው ክፍል ደግሞ የተበከለውን አቅጥኖ ጤነኛ ለማድረግ ስንት ውሃ ያስፈልግ ነበር የሚል የስሌት ውሃ ነው። እና ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ በዚያው ጥናት ቫኒላውና ካፌይኑ ብቻ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛሉ። ለዓይን የማትታይ ቅንጣት እኮ ናት! በመስኖ የወጣውን ከዝናቡ ለይቶ ሳይናገር «300 ሊትር ጨረሱ» የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ ቁጥሩ ውሸት ባይሆንም ነገሩን ግማሽ አድርጎ ነው የነገረሽ።

ጥያቄ፦ ተመላሽ ጠርሙስ ይሻላል ይባላል። ግን መታጠቢያው ውሃ አይፈጅም?

መልስ፦ ይፈጃል፣ ፋብሪካው ላይ። የፋብሪካውን የውሃ ቁጥር ብቻ የምታይ ከሆነ ፕላስቲክ ያሸንፋል፣ አንዳንድ ኩባንያም ይህን ምክንያት ማቅረብ ይወዳል። ፕላስቲኩን ለመሥራት የዋለው ውሃና ኋላ ወንዝ ውስጥ የሚገባው ጠርሙስ ግን ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ነው የሚቆጠረው። አዳዲሶቹ ማጠቢያ ማሽኖች የመጨረሻውን ንጹሕ ውሃ ወደ መጀመሪያው እጥበት መልሰው ስለሚጠቀሙ ልዩነቱ ጠብቧል። ኮካ ኮላ በ2022 «በ2030 ከመጠጣችን ሩቡን በተመላሽ ዕቃ እንሸጣለን» ብሎ ነበር። በ2024 መጨረሻ ግቦቹን ሲከልስ ያች ግብ ጠፋች። የዓለም ትልቁ ለስላሳ ሻጭ ግቡን በዚህ ቅለት የሚያነሳ ከሆነ ሌላውን ምን እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ የመጠጥ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ። ከዓለም ንጹሕ ውሃ 70 በመቶውን የሚወስደው እርሻ ነው። የእኛ ድርሻ ከቁጥር አይገባም። ፍሳሻችንን አጣርተን ነው የምንለቀው። ለምንድነው ሁሌ እኛ ላይ ጣት የሚቀሰረው? ታዋቂ ስም ስላለን ብቻ አይደለም?

መልስ፦ በከፊል አዎ፣ ስም ስላላችሁ ነው። የሩዝ ማሳ አርማ የለውም፤ ሰልፍ የሚወጣው ደግሞ አርማ ላይ ነው። 70 በመቶውም ትክክል ነዎት። ፍሳሹን በትክክል የሚያጣሩ ብዙ ፋብሪካዎች አሉ፣ ከቆሻሻው ጋዝ አውጥተው ቦይለር የሚያሞቁበትም አሉ። ይህን የሚሠሩ ሰዎች ምስጋና ሲነፈጋቸው ያናድዳል፣ ይገባኛል።

ግን የዓለሙ መቶኛ ለአንድ ቦታ ምንም አይነግረንም። ሕንድ ውስጥ ራጃስታን፣ ካላ ዴራ የሚባል ቦታ ላይ የሆነውን ልንገርዎት። ኮካ ኮላ እዚያ ፋብሪካ ነበረው። አካባቢው ደረቅ ነው፣ ገበሬው በከርሰ ምድር ውሃ ነው የሚያርሰው፣ ውሃውም ከሚሞላው በላይ ይሳባል። እርስዎ እንዳሉት ትልቁን የሚስበው እርሻው ነበር። ነገሩ እየከረረ ሄዶ አሜሪካ ድረስ ተሻገረ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጮኹ፣ ዩኒቨርሲቲው በ2006 የኮካ ኮላ ምርት መግዛቱን ለጊዜው አቆመ፣ ኩባንያውም ገለልተኛ ግምገማ ይደረግ ብሎ ተስማማ። ገምጋሚው ቴሪ የተባለው የሕንድ የምርምር ተቋም ነበር። ሪፖርቱ በ2008 ወጣ። ፋብሪካው ብቸኛው ጥፋተኛ ነው አላለም። ያለው፦ ፋብሪካው በዚህ ቦታ መሥራቱን ከቀጠለ የውሃውን ሁኔታ ከሚያባብሱት አንዱ ሆኖ ይቀጥላል። ካቀረባቸው አማራጮች ውስጥ ውሃ ካልተራቆተ ቦታ ማምጣት፣ ፋብሪካውን ማዛወር፣ ወይም መዝጋት ይገኙበታል። ኩባንያው ከዚያም በኋላ ዓመታት ሠራ። በ2016 ማምረቱን አቆመ።

እዚህ ላይ ከመቶኛው ይልቅ ወሩን ይመልከቱ። ለስላሳ በብዛት የሚጠጣው መቼ ነው? ሙቀት ሲበረታ። ፋብሪካው ፓምፑን አጥብቆ የሚነዳው መቼ ነው? ያኔውኑ። የገበሬው ጉድጓድ የሚወርደውስ? ያኔውኑ። በዓመት አማካይ ሲታይ ትንሽ የሚመስል ድርሻ በሦስቱ የጭንቅ ወራት ሌላ መልክ አለው። ከዚህም ሌላ ጥልቀት አለ፤ የፋብሪካ ጉድጓድ ጥልቅ ነው፣ ፓምፑም ጉልበተኛ ነው። ውሃው ዝቅ ሲል ገመድና ባልዲ የያዘው ሰው ነው መጀመሪያ ባዶ የሚቀረው።

በተረፈ ደግሞ፣ እርሻ 70 በመቶ ይወስዳል ሲሉ ስኳሩና ገብሱስ የማን ነው? የእርሻው ውሃ በከፊል የእናንተው ምርት ውሃ ነው። ይህንን ኩባንያው ውስጥ ሲያነሱት መልሱን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ከጎናችሁ የሚቆም ምሳሌም አለ። በ2022 ሰሜን ሜክሲኮ፣ ሞንቴሬይ ከተማ ቧንቧው ደረቀ። ሕዝቡ በቦቴ ውሃ ተሰልፎ ሳለ የቢራና የለስላሳ ፋብሪካዎቹ ይሠሩ ነበር። ፕሬዚዳንት ሎፔዝ ኦብራዶር በሰሜኑ ክፍል ቢራ መጥመቅ ይቁም እስከማለት ደረሱ። ፋብሪካዎቹ ከውሃ ፈቃዳቸው የተወሰነውን ለከተማው ለቀቁ። ግፊቱ ባይኖር ይለቁ ነበር ወይ? እንጃ። ግን ለቀዋል፣ ያውም ውሃው በሚያስፈልግበት ከተማ፣ በሚያስፈልግበት ወር። ለእኔ ይህ ሩቅ አገር ከተተከለ ደን ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ፋብሪካው የፍሳሽ ዝቃጩን ለገበሬዎች «ማዳበሪያ ነው» ብሎ በነጻ ሲያድል ብንወስድ ችግር አለው?

መልስ፦ ዝቃጩ ከምን የመጣ ነው? መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። የቢራ ፋብሪካ የገብስ አተላ ለከብት መኖ የታወቀ ነገር ነው፣ እሱ ላይ ጭቅጭቅ የለም። የፍሳሽ ማጣሪያ ዝቃጭ ግን ሌላ ነው።

ሕንድ፣ ኬራላ ውስጥ ፕላቺማዳ የሚባል መንደር አለ። የኮካ ኮላ ፋብሪካ በ2000 ተከፈተ። ትንሽ ሳይቆይ የመንደሩ ሴቶች የጉድጓዱ ውሃ ሩዝ አላበስል አለ፣ ቢቀምሱትም የማይቀመስ ሆነ ብለው አቤቱታ ጀመሩ። ፋብሪካው ዝቃጩን ለገበሬ እንደ ማዳበሪያ ይሰጥ ነበር። በ2003 ቢቢሲ ናሙና ወስዶ አስመረመረ፣ ካድሚየምና እርሳስ ተገኘበት። በዚያው ዓመት የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃዱን አላድስም አለ። የኬራላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛም የከርሰ ምድር ውሃ የሕዝብ አደራ ነው፣ ባለ መሬቱ እንዳሻው ሊያወጣው አይችልም የሚል ውሳኔ ሰጡ። በኋላ ሌላ ችሎት ውሳኔውን አለዝቦ በቀን እስከ 500,000 ሊትር ፈቅዷል። ቢሆንም ከመጋቢት 2004 የተዘጋው ፋብሪካ አልተከፈተም።

ስለዚህ መልሴ፦ የላቦራቶሪ ወረቀት ጠይቁ። ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ክሮሚየም ስንት እንደሆነ በቁጥር የተጻፈበት፣ ቀን ያለው፣ ፋብሪካው ራሱ ያልመረመረው። ወረቀቱ ከሌለ አትውሰዱ። በነጻ የሚሰጥ ነገር አንዳንዴ ለማስወገድ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የታሸገ ውሃ ብቻ ነው የምጠጣው፣ የተፈጥሮ ምንጭ ስለሆነ። እዚህ ላይም ችግር አለ ልትሉኝ ነው?

መልስ፦ ልንል ነው።

ፈረንሳይን እንውሰድ፤ የታሸገ ውሃ አገሯ ናት። በአውሮፓ ሕግ «የተፈጥሮ ማዕድን ውሃ» ተብሎ የሚሸጥ ከምንጩ ንጹሕ መሆን አለበት። እንደ ቧንቧ ውሃ በመድኃኒት ወይም በጨረር ማከም አይፈቀድም፤ ውድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በጥር 2024 ለ ሞንድ ጋዜጣና ራዲዮ ፍራንስ የስዊዘርላንዱን ኔስሌን ጨምሮ የታሸገ ውሃ ኩባንያዎች በድብቅ አልትራቫዮሌት ጨረርና የከሰል ማጣሪያ ሲጠቀሙ እንደነበር አጋለጡ። ኔስሌ ዋተርስ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ያለ ፈቃድ የተቆፈሩ ጉድጓዶችን ጉዳይ ጨምሮ 2 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ ከአቃቤ ሕግ ጋር ተስማማ። ውሃው ሰው አሳመመ አልተባለም። ግን ሰዉ የከፈለው ላልታከመ ውሃ ነበር።

በዚያው ፈረንሳይ ቪቴል የምትባል ከተማ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረባት። ኔስሌና አንድ የአይብ ፋብሪካ ከሚስቡት ጥልቅ የአለት ውሃ ከተማዋም ትጠጣለች። የሚወጣው ከሚሞላው በለጠ። የቀረበው መፍትሔ ምን ነበር መሰለህ? ለነዋሪው ከጎረቤት አካባቢ በቧንቧ ውሃ እናምጣለት የሚል! ኩባንያው መሳቡን እንዲቀጥል ሕዝቡ ይዛወር እንደማለት ነው፣ የውሃ መዛወር ይሁን እንጂ። ተቃውሞ ተነሳ፣ ዕቅዱ በ2019 ተሰረዘ።

ዋጋውንም ካነሳን፦ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ኔስሌ በ2018 ከአንድ ጉድጓድ በደቂቃ 400 ጋሎን፣ ማለትም 1,500 ሊትር ገደማ እንዲስብ ተፈቀደለት። ለውሃው አይከፍልም ነበር። ይከፍል የነበረው የወረቀት ሥራ ክፍያ ነው፣ በዓመት 200 ዶላር። ፍቃዱ ሳይሰጥ በፊት ሕዝቡ አስተያየት ስጥ ተብሎ ከ80,000 በላይ ሰው ተቃወመ፣ የደገፈው 75 ነበር። ያው ተፈቀደ። በዚያው ግዛት የፍሊንት ከተማ ሰዎች እርሳስ በገባበት ቧንቧ ምክንያት በታሸገ ውሃ ይኖሩ ነበር።

አትጠጣ አላልኩህም። ቧንቧው የማያስተማምንበት ቦታ ላይ ምን ምርጫ አለ? ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2023 ባወጣው ሪፖርት ዓለም በዓመት ለታሸገ ውሃ ወደ 270 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል። ለሁሉም ሰው ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ለማድረስ በየዓመቱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ገንዘብ ከዚህ ከግማሽ ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ፋብሪካ «የውሃ ጥበቃ ሰርተፍኬት አለኝ» ይላል። እንመነው?

መልስ፦ ማን እንደሰጠው እይ። በደንብ የሚታወቀው አላያንስ ፎር ዋተር ስቱዋርድሺፕ የሚባለው ነው። መለኪያው ከ2014 ጀምሮ አለ፣ ደረጃዎቹም መሠረታዊ፣ ወርቅና ፕላቲኒየም ናቸው። ጥሩ ጎኑ የሚመዝነው አንድን ፋብሪካ በተፋሰሱ ውስጥ ነው፣ ኩባንያውን በጅምላ አይደለም። ከውጭ የመጣ ገምጋሚ ጎረቤቶቹን ያነጋግራል። ስለዚህ አንድ ኩባንያ «ሰርተፍኬት አለን» ሲል የትኛው ፋብሪካ ብለህ ጠይቅ። ሰርተፍኬት ያለው ፋብሪካ ደግሞ ውሃ የማይስብ ፋብሪካ ማለት አይደለም። ሥርዓት አለው ማለት ነው፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን ላድርግ? መጠጣት ባቆም ለውጥ ያመጣል? ሪፖርታቸውን ለማንበብ ሞክሬ ነበር፣ 100 ገጽ ፎቶ ነው።

መልስ፦ ፎቶውን ዝለለው። ወደ መጨረሻ የቁጥር ሠንጠረዥ አለ። እዚያ ላይ አራት ነገር ፈልግ፦ ጠቅላላ የተሳበ ውሃ (ለአንድ ሊትር ስንት የሚለውን አይደለም፤ ምርቱ በእጥፍ ካደገ ለአንድ ሊትር የሚፈጀው ቀንሶም ጠቅላላው ሊጨምር ይችላል)፣ ውሃ ባጠራቸው አካባቢዎች የተሳበው ለብቻው፣ ስኳሩና ገብሱ ላይ የዋለ ውሃ አንድም ቦታ መጠቀሱ፣ እና ያለፈው ሪፖርት ላይ የነበረ ግብ ዘንድሮ መኖሩ። አራተኛው ላይ ብዙ ጊዜ ትገረማለህ። ግብ ሲሳካ ሙሉ ገጽ ያገኛል፣ ሲሰረዝ ግን የግርጌ ማስታወሻ እንኳ ላያገኝ ይችላል።

መጠጣት ማቆምህ የአንተ ጉዳይ ነው። የአንድ ሰው ጠርሙስ የማንንም ጉድጓድ አይሞላም። እስካሁን ያየናቸውን ብትቆጥራቸው ውሳኔ ያስቀየረው የአካባቢ ምክር ቤት ነው፣ ፍርድ ቤት ነው፣ ብዙ የሚገዛ ተቋም ነው፣ ጋዜጠኛ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነና ፈቃዱ መቼ እንደሚታደስ ማወቅ ከማቆሙ ይበልጥ ይጠቅማል።

ግን ይህም ቢሆን ነገሩን ሁሌ ይቋጨዋል ማለት አይደለም። ሜክሲካሊ የምትባል የሜክሲኮ በረሃ ከተማ ላይ የአሜሪካው የመጠጥ ኩባንያ ኮንስቴሌሽን ብራንድስ 1.4 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፣ ግንባታው ከግማሽ አልፏል። የከተማዋ ውሃ የሚመጣው ከተዳከመው የኮሎራዶ ወንዝ ነው። በመጋቢት 2020 መንግሥት ሕዝቡን ድምፅ አስሰጠ። የመጣው ሰው ትንሽ ነበር፣ ከመጡት ግን 76 በመቶው አይሆንም አሉ። ፋብሪካው ቀረ። ኩባንያው ከመንግሥት ጋር ተነጋገረና ፊቱን ወደ ቬራክሩዝ አዞረ፣ ዝናብ ወደሚበዛበት ደቡብ ምሥራቅ። ቢራው መጠመቁ አልቀረም፣ ቦታው ተቀየረ እንጂ። ፕላቺማዳ ደግሞ ፋብሪካው ከተዘጋ ከብዙ ዓመት በኋላም አልተቋጨም፤ በ2010 አንድ ኮሚቴ ጉዳቱን ከ2.16 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ገመተው፣ በ2011 የክልሉ ምክር ቤት ካሣውን የሚዳኝ ፍርድ ቤት ለማቋቋም ሕግ አወጣ፣ ሕጉ ግን የአገሪቱን ፕሬዚዳንት ፊርማ ሳያገኝ ቀረ።